ጓንት ያደረገው አስታጣቢ

እንግዳ ማስታጠብ የልጅ ሥራ ነው። እኛ ቤት ግን አባቴ ካረፈ ወዲህ ትልቅ ሰው ሲመጣ ማንቆርቆሪያውን የማነሣው እኔ ነኝ፤ የቤቱ አንድ ወንድ ልጅ ነኝና። ይህን ቀላል ሥራ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በአንድ እሑድ ምሳ ሰዓት መሥራት አቃተኝ። ያ ቀን ትዝ ባለኝ ቁጥር እስከ ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል። ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን እሸፍናለሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሲሳይ እባላለሁ፤ አዳማ ነው የምኖረው። ሥራዬ አኳሪየም ማጠብ ነው። ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ወይም ካፌ ጥግ ላይ በመስታወት ውስጥ የሚዋኙ ቀያይ ዓሦች አይታችሁ ደስ ብሏችሁ ከሆነ፣ ከዚያ በፊት አንድ ሰው እጁን እስከ ክርኑ ነክሮ የዓሣ ኩስና አረንጓዴ ዝልግልግ ሲፍቅ ነበር ማለት ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። ውኃውን የምቀይረው በጎማ ነው፤ ጎማውን በአፌ ስቤ ነው የማስጀምረው። ስንት ጊዜ እንደጎነጨሁት ባልናገር ይሻላል።

ሥራውን እወደዋለሁ። መናገሩ ነበር የሚያሳፍረኝ። በአካውንቲንግ ዲፕሎማ አለኝ፤ ዲፕሎማ ይዞ ዓሣ አጣቢ ነኝ ማለት ከአፌ አይወጣም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ "የዲኮር ሥራ ነው" እል ነበር። እናቴ ደግሞ ለጎረቤት "ሆቴል ውስጥ ነው የሚሠራው" ብላ ትገላግለኛለች። ባልዲዎቼን በከረጢት ሸፍኜ ነበር በባጃጅ የምጓዘው።

ከእለታት አንድ ቀን፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ከገንዳው ሥር ያለውን ድንጋይ ሳገላብጥ የቀኝ እጄ ሌባ ጣት አንጓ ላይ ተጫረ። እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ደሙን መጥጬ ተፋሁና እጄን መልሼ ነከርኩት። ከዕቃዬ መካከል እስከ ክርን የሚደርስ ሰማያዊ የጎማ ጓንት ነበረ፤ አንድ ደንበኛዬ ነው የሰጠኝ። አንድ ቀንም አድርጌው አላውቅም። በጓንት ጠጠሩ አይታወቀኝም፣ ዓሣውም ያመልጠኛል እያልኩ።

ጭረቱ ዳነ። ከሳምንታት በኋላ ግን እዚያው ቦታ ላይ የሽምብራ ያህል እብጠት ወጣ። ቀይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ፣ ጠንከር ያለ፣ እምብዛም የማያም። ቀጥሎ አናቱ ቆሰለ። ከዚያ በመዳፌ ጀርባ ሌላ ወጣ፣ ከዚያም ከእጄ አንጓ በላይ ሌላ፣ እንዲህ እያለ በክንዴ ላይ ተሰልፎ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ክሊኒክ ሄድኩ። የመረመረኝ ልጅ "ሥራህ ምንድን ነው?" ሲለኝ፣ ከኋላዬ ወረፋ የያዙ ሰዎች ይሰማሉ ብዬ "ቢሮ ነው" አልኩት። ለቢሮ ሠራተኛ መግል የሚሆን እንክብል ሰጠኝ። ጨረስኩት፤ እብጠቱ ግን ጉዞውን ቀጠለ። ረጅም እጅጌ ያለው ሸሚዝ መልበስ ጀመርኩ፤ በአዳማ ሙቀት።

እናቴ ያየችው አንድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ፊቴን ስታጠብ ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ ነበር። ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ስዞር ፊቷ ደም አልነበረውም።

"መቼ ነው የጀመረህ?" አለችኝ።

"ቆየ። ምንም አይደለም እማዬ።"

"ያምሃል?"

"ብዙም አያመኝም።"

ብዙም አያመኝም ስላት የምታርፍ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በመዳፏ አፏን ያዘች። የግቢውን በር ዘጋችና ጠጋ ብላ፣ "ለማንም እንዳታሳይ። ለእህትህም። ሽማግሌዎቹ መጥተው እስኪሄዱ ድረስ በእኔ ሞት ለማንም እንዳታሳይ" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬን ለብቻ በሳህን ታቀርብልኝ ጀመር። እህቴ ስትጠይቃት "ጉንፋን ይዞታል" ትላለች። ጉንፋኑ ሳምንት አለፈው። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። እውነቱን እንዳትነግረኝ ፈርቼ ነው።

እህቴ ምህረት ዱከም ፋብሪካ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ ስትመላለስ ቶላን አወቀችው፤ እዚያው ፋብሪካ መካኒክ ነው፣ ረጋ ያለ ልጅ። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው ጥያቄያቸውን አቅርበው ነበር። ያ እሑድ የተቀጠረው መልስ ሊሰሙና ምሳ ሊበሉ ነው። መልሱ "እሺ" መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምህረት ፀጉሯን ተሠርታ፣ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ትዘፍን ነበር።

እናቴ ሁሉንም ነገር አስባበት ነበር። እንግዶቹ ግቢ ውስጥ ቧንቧው ጋ እንዲታጠቡ አዲስ ሳሙናና ፎጣ አዘጋጀች። እኔ እንዳላስታጥብ ነው። እሑድ ጠዋት ግን ውኃ ጠፋ። ቧንቧውን ብትከፍተው ቢያፏጭ እንጂ ጠብ የለም። ማንቆርቆሪያው የግድ ሆነ።

"ምህረት ታስታጥብ" አልኩ።

"ልትጠየቅ የተቀመጠች ልጅ ሽማግሌ ታስታጥባለች?" አለችኝ እናቴ። ከዚያ ዓይኗ በዕቃዬ መካከል ያለው ሰማያዊ ጓንት ላይ አረፈ። በሸሚዝ እጅጌ ሥር አልገባ ስላለ መቀስ አመጣችና የእጅ አንጓው ጋ ቆረጠችው። "ተቃጥዬ ነው ትላለህ" አለች። ለዓሣው ያላደረግኩትን ጓንት ለሽማግሌ አደረግኩት።

ሦስት ሆነው መጡ። ዋናው ኦቦ ለሚ ይባላሉ፤ የቶላ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። ገና ከበሩ "አካም ጅርቱ፣ ነጋያ" እያሉ፣ እናቴን ጉንጯን ስመው፣ እየሳቁ ነው የገቡት። በእኛ በኩል ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ የእድራችን ዳኛ፣ ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደ አባት የሚቆሙልን ጎረቤት። ጨዋታው ደመቀ፣ ምሳው ቀረበ፣ ጋሽ ደምሴም "በል ሲሳይ፣ አስታጥበን" አሉኝ።

ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ሳፋውን በግራ፣ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ እጄ ይዤ ኦቦ ለሚ ፊት ጎንበስ አልኩ። ሳሙናውን ተቀብለው እጃቸውን ማሸት ጀመሩ። ያኔ ነው ጓንቱን ያዩት።

"ምነው ልጄ፣ እጅህን ምን ሆንክ?"

"ተቃጥዬ ነው አባባ። ዘይት ተፈናጥቆብኝ።"

በዚያው ቅጽበት እናቴ ከጓዳው በር ላይ "የፈላ ውኃ ነው የደፋበት! ሥራ ላይ ቀልቡ የለም" አለች።

ኦቦ ለሚ መጀመሪያ እናቴን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ፈገግ እንዳሉ "ዘይት ነው ወይስ ውኃ?" አሉ። ለመመለስ አፌን ስከፍት ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርጌው ኖሮ የሸሚዜ እጅጌ ወደ ክርኔ ሸርተት አለ። ክንዴ ወጣ። ያ ሁሉ የተሰለፈ እብጠት፣ ከቆረጥነው ጓንት ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ፣ ከፊታቸው ስንዝር ርቀት ላይ።

ኦቦ ለሚ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሳሙናው ገና አልታጠበም ነበር፤ አረፋው በጣቶቻቸው መካከል እንዳለ ነው። ውኃውን አፍስሼ ላስለቅቅላቸው ማንቆርቆሪያውን ዘንበል ሳደርግ እጃቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ትከሻዬ ላይ ያለውን ፎጣም አልነኩም። ከኪሳቸው የራሳቸውን መሐረብ አውጥተው አረፋውን ቀስ ብለው፣ ጣት በጣት ጠረጉት። ሁለቱ ሽማግሌዎች "እኛ ታጥበን ነው የመጣነው" አሉ። እኔ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ቀና ማለት አቃተኝ። ሳፋውን ይዤ እዚያው ብሰምጥ እመርጥ ነበር።

እኔ እጄን ከኋላዬ ደብቄ ስቆም፣ አንድ አንድ ጉርሻ ቀምሰው ተነሡ። ቁርጡን ሊሰሙ የመጡት ሰዎች "እንግዲህ እኛም ቤተሰብ አለን፣ ተመልሰን እንመክርበት" ብለው ሄዱ። ምህረት ከመኝታ ክፍሉ ስትወጣ ያገኘችው ሳይበላ የቀረ ምሳና የቆመ ወንድሟን ነው።

ጋሽ ደምሴ ሽማግሌዎቹን እስከ መንገድ ሸኝተው ሲመለሱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር። "አስካለ" አሉ እናቴን፣ "ሰዎቹ ከዚህ በፊት የሰሙት ነገር ኖሯል። ከቤተሰባችሁ ሥጋ ደዌ አለ ብሎ አንድ ሰው ነግሯቸው፣ የጠላት ወሬ ነው ብለው ትተውት ነበር። ዛሬ በዓይናችን አየን አሉኝ። እኔ ምን ልበል?"

እናቴ የጓዳው ደፍ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ስለ ምንድን ነው የሚያወሩት?" አለች ምህረት። "እማዬ፣ ተናገሪ እንጂ!"

የተናገረችው ይህን ነው። ዘውዴ የምትባል ታላቅ እህት ነበረቻት፤ ቡልጋ አብረው ያደጉ። ዘውዴ ገና ልጃገረድ ሳለች በሽታው ያዛት፤ ቤተሰቡ ከሰው ዓይን ደብቆ ካቆያት በኋላ ወደ ሻሸመኔ፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ወደሚኖሩበት ሰፈር ወሰዳት። እናቴ አባቴን ስታገባ እህት የለኝም አለች። አባቴ ወንጂ ሸንኮራ ላይ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ግን አንድ የአገሯ ሰው መጥቶ "ዘውዴ እንዴት ሆነች?" ብሎ አባቴ ፊት ጠየቃት።

"ሞታለች አልኩት" አለች እናቴ። "አባታችሁ አዘነልኝ። ለምን ደበቅሽኝ፣ እናልቅስላት እንጂ አለ። ለቅሶ ተቀመጥኩ። ተዝካሯንም አወጣሁ።"

"መቼ ነው የሞተችው?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "አልሞተችም" አለች። "ሻሸመኔ የሚመላለስ ሹፌር ወሬዋን ያመጣልኛል። አለች።"

ያ ተዝካር ትዝ ይለኛል። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ድንኳን፣ ዳቦ፣ ቀይ ወጥ። በሕይወት ላለች ሴት።

ይህን ስሰማ ስለ አክስቴ አስቤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ትንሽ ቀና ብዬ በነገርኳችሁ። እኔ ግን ያየሁት ጣቶቼን ነው። በዘሬ አለ፣ መጣብኝ፣ ጣቶቼ ሊረግፉ ነው አልኩ። ምህረት ለሠርጓ ስታለቅስ እኔ ለጣቶቼ አለቀስኩ። ለአክስቴ ግን አንዴ በሐሰት አልቅሰን ጨርሰን ስለነበር ለእሷ ያለቀሰ አልነበረም።

በማግስቱ ሦስታችንም የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ቀስ ያለ። ክንዴን አገላብጣ አየችና ክርኔ አካባቢ ያለውን ጅማት በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ ጥጥ በጣቷ አሹላ "ዓይንህን ጨፍን። ሲነካህ 'እዚህ' እያልክ በሌላው እጅህ አሳየኝ" አለችኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ከኋላዬ እናቴ "በስመ አብ" ስትል ይሰማኛል። ሥጋ ደዌ አካልን ያደነዝዛልና፣ ምንም ካልተሰማኝ አበቃልኝ ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኛል። ጥጡ መጣ።

"እዚህ" አልኩ።

"ጎበዝ። አሁንስ?"

"እዚህ።"

እብጠቱ ላይ ነካችኝ፣ ከእብጠቱ አጠገብ ነካችኝ፤ ሁሉም ይሰማኛል። የጥጥ ንክኪ እንደዚያ ሰው ያስለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

"ሥራህ ምንድን ነው?" አለችኝ።

አሁንም፣ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ እንኳ፣ "ንግድ ቢጤ ነው" አልኩ።

ምህረት አላስጨረሰችኝም። "ዓሣ ነው የሚያጥበው! ዶክተር፣ የሆቴል አኳሪየም ነው የሚያጸዳው። ለምንድን ነው የምትዋሸው? እኔ እኮ ነኝ በዚህ ውሸት የተቃጠልኩት!"

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። "አኳሪየም? በባዶ እጅህ?"

"በባዶ እጄ።"

"እጅህ ተጭሮ ያውቃል?"

ያንን ድንጋይ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። በዓሣ ገንዳ ውኃ ውስጥ የሚኖር ጀርም እንዳለ፣ በትንሽ ጭረት እንደሚገባ፣ አዝግሞ ስለሚያድግ ሳምንታት ቆይቶ እንደሚታይ፣ ከዚያም ልክ እንደኔ በክንድ ላይ ተሰልፎ እንደሚወጣ አስረዳችኝ። "ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም" አለች። "ማንንም አላስያዝክም። ለማረጋገጥ ከቆዳህ ትንሽ ቆርጬ ለምርመራ እልካለሁ። መድኃኒቱ ግን ወራት ይፈጃል፤ ሻል አለኝ ብለህ እንዳታቋርጥ። ብትተወው ኖሮ ወደ መገጣጠሚያህና ወደ አጥንትህ ሊገባ ይችል ነበር። ያኔ ክሊኒክ ሥራህን ብትናገር ምናልባት እስከዚህ አይደርስም ነበር።"

"ስለዚህ… ያ አይደለም?" አለች እናቴ።

ዶክተሯ "ያ" ምን እንደሆነ ገብቷታል። "ለዚያ የሚያሰጋ ምልክት አላየሁበትም፣ እናቴ። ይህ ጀርም የዚያ የሩቅ ዘመድ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ግን እሱም ቢሆን ኖሮ መድኃኒት አለው፣ ይድናል። በዘርም አይወርድም።"

እናቴ የመጨረሻውን የሰማች አይመስለኝም። ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ መሬት ሳመች። ከዚያ "እልልል!" አለች። "ተመስገን! ያ ርኩስ በሽታ አይደለም! ልጄን ከዚያ ርኩስ በሽታ አወጣህልኝ!" እኔም እየሳቅኩ ነበር። እየሳቅኩ፣ እንባዬን እየጠረግኩ፣ ዞር ስል አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አየሁ።

ካርዳቸውን በሁለት መዳፎቻቸው መካከል ነበር የያዙት፤ በጣት የሚይዙበት ጣት አልነበራቸውምና። እናቴ "ርኩስ" ስትል ካርዱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። የለመዱት ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። እጃቸውን የከተቱት ልክ እኔ እሑድ እለት ሽማግሌዎቹ እስኪወጡ ድረስ እጄን ከኋላዬ እንደደበቅኩት ነው።

ሳቄ አፌ ላይ ደረቀ። እሑድ ያፈርኩት በሰው ፊት ተዋርጄ ነው። ያን ቀን ግን ራሴ ኦቦ ለሚን ሆንኩ። እንዲያውም ከእሳቸው ባስኩ፤ እሳቸው እልል አላሉም። ሽማግሌው ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ልል አሰብኩ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋብኝና አለፍኳቸው። ይህም እስካሁን አለብኝ።

ምህረትም አይታ ኖሯል። እናቴን ከመሬት አነሣቻትና "እማዬ፣ አክስቴ ዘንድ ነገ እንሄዳለን" አለቻት። ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ቆማ ለቶላ ደወለች፤ አጠገቧ ነበርኩ።

"የወንድሜ ሕመም ከዓሣ የመጣ ነው" አለችው። "ይህን ለኦቦ ለሚ ብነግራቸው ነገ ይመለሳሉ። ግን በዚህ አልመለሳቸውም። የሰማችሁት እውነት ነው፤ አክስት አለችኝ፣ በሽታው ነበረባት፣ ነገ ሄጄ ላያት ነው። ይህን ሰምተህ ወስን።"

የቶላ ድምፅ ለእኔም ተሰማኝ። "በስንት ሰዓት ነው የምትነሡት?"

በማግስቱ መናኸሪያ ስንደርስ ቀድሞን ቆሞ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ሆን ብሎ ከእኔ አጠገብ፣ ለምርመራው ተቆርጦ በፋሻ በታሰረው እጄ በኩል ተቀመጠ። እናቴ መስኮቱን ይዛ ነጠላዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ነው ሻሸመኔ የደረሰችው።

አክስቴ ዘውዴ ንጹሕ፣ የተለቀለቀ፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ነው የምትኖረው። ከበሽታው ከዳነች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ የሄዱት ጣቶች ግን አልተመለሱም። ባሏ እዚያው ያገኘችው የበሽታው ባልደረባ ነበር፣ አርፏል። እናቴ ደጅ ላይ ቆመች፤ መግባት አቃታት። አክስቴ ከውስጥ ሆና ረጅም ጊዜ አየቻት። "አስኩ" አለች፣ በልጅነት ስሟ። "ምን ይገትርሻል? ግቢ እንጂ።" እናቴ ተደፍታ እግሯን ያዘች። ያለቀሰችውን ለቅሶ አልነግራችሁም፤ የራሷ ነው።

አሁን ለእናንተ የምለው አለኝ። አኳሪየም ያላችሁ፣ ወይም ለሰው የምታጸዱ ከሆነ፣ በእጃችሁ ላይ ትንሽ ጭረት ካለ ያን ውኃ አትንኩ፤ ጓንት አድርጉ። ሥራ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጎማውን በአፋችሁ አትሳቡ። የማይድን እብጠት ካያችሁ ሐኪሙን "ዓሣ አለኝ" በሉት፤ ካልነገራችሁት በምን ያውቃል? እኔ መድኃኒቴን እየዋጥኩ ነው፤ የምርመራው ውጤትም ዶክተሯ እንዳለችው ሆኖ መጣ፤ እብጠቱም ጠፍቶ ጠባሳው ቀርቷል። ሥራዬንም አልተውኩም። ሰው ሲጠይቀኝ ዓሣ አጣቢ ነኝ እላለሁ። ኦቦ ለሚም ቶላ አስገድዷቸው ተመለሱ፤ አስታጠብኳቸው፤ እጃቸውን አልሰበሰቡም። የተመለሱት ግን በሽታዬ "ያ አይደለም" ተብሎ ስለተነገራቸው መሆኑን አውቃለሁ። በዚህ ደስ አይለኝም። የእኔ እጅ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው በአክስቴና በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ባሉት ሽማግሌ ኪሳራ ነው። ሕመም መያዝ የሚያሳፍር ከመሰላችሁ፣ "ያኛው አይደለም" ብሎ መፈንደቅ እንዴት እንደሚያሳፍር ገና አላያችሁም።

ያን ቀን አክስቴ ቤት የሆነውን ግን አልጨረስኩላችሁም። ምሳ ቀረበ። ማንም ሳይለኝ ማንቆርቆሪያውን አነሣሁና ፊቷ ጎንበስ አልኩ። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

"ተወኝ፣ እኔ በማንኪያ ነው የምበላው" አለችኝ።

ሳፋውን አስቀመጥኩና ፋሻዬን ፈታሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን አሳየኋት። ተጠግታ አየችው።

"ምን አባቱ ነው ይሄ?"

"ከዓሣ ነው የያዘኝ፣ አክስቴ።"

"ዓሣ ሰውን ያሲዛል ደግሞ?" ብላ ሳቀች፤ ከልቧ። ከዚያ እጆቿን ከነጠላዋ አወጣች፣ ሳፋው ላይም ዘረጋችልኝ። ሳሙናውን መዳፎቿ መካከል አደረግኩላት።

"ሠርጉ ላይ ይመጣሉ አይደል?" አለች ምህረት ከጎኔ።

"እኔ? ሞቼ የለ እንዴ" አለች አክስቴ፣ እጇን እያሸች። "ተዝካሬን አውጥታችሁ። ሹፌሩ ነግሮኛል።" እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አክስቴ ግን የምታየው እኔን ነበር። "አንተ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርክ። በልተሃል?"

መዋሸት እችል ነበር። ለምጄዋለሁ።

"በልቻለሁ።"

"ወጡ ጥሩ ነበር?"

"ጥሩ ነበር" አልኳት። "ጨምሩልኝ ብዬ ሁሉ ነበር።"

ቀና ብላ አየችኝና መዳፎቿን ወደ ሳፋው አቀረበች።

"በል አፍስስ" አለችኝ። "ሳሙናው ገና አልለቀቀኝም።"